ጡት እስክትጥል ድረስ

አስካለ ማረፏን በስልክ ሲነግሩኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ማን አየ?» የሚል ነበር። የደወለው የእድራቸው ሰው ነው። እንዲህ ያለ መርዶ ተቀባይ ገጥሞት አያውቅ መሰለኝ፣ «እንዴት ማን አየ ይላሉ እማማ? ቀብሩ እኮ ነገ ነው» አለኝ። ቢሆንም አላመንኩም። ክፋት እንዳይመስላችሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ ደግሞ ከአስካለ በኩል የመጣን ነገር ገልብጬ ሳላይ የተቀበልኩበት ቀን የለም።

በማግስቱ ከአንኮበር በመጀመሪያው መኪና ተሳፍሬ ወደ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። መንገድ ላይ ጉሙ አላሳልፍ ብሎን ቀብሩ አመለጠኝ። ድንኳኑ ዘንድ ስደርስ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ንፍሮውን እየዘገነ ነበር። መግቢያው አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፏን ይዤ ተቀመጥኩ። አንዲት የማላውቃት ሴት ንፍሮ እያቀበለችኝ፣

«የሟች ምን ነዎት?» አለችኝ።

«ድሮ የወንድሜ ሚስት ነበረች።»

«አሃ» ብላ አለፈችኝ። የፈታ ባል እህት ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚገባት ቦታ ያው መግቢያው አጠገብ ነው፤ አልከፋኝም። ነጠላዬንም ያዘቀዘቅኩት አልነበረም። እንደ ማንኛውም ጎረቤት ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ነው የመጣሁት።

አስካለን ላላየ ሰው እንዴት አድርጌ እንደማሳየው አላውቅም። ደቃቃ ሴት ነበረች። ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ስትስቅ አፏን በመዳፏ የምትሸፍን፣ ጥያቄን በጥያቄ የምትመልስ። «እንደምን አደርሽ?» ካልኳት፣ «ምነው፣ ምን ሰማሽ?» ትለኛለች። እጇ ሥራ አይፈታም። የበግ ጠጉር ፈትላ ለባና ብርድ ልብስ ሠሪዎች በመሸጥ ነበር የምትተዳደረው፤ ቤተ ክርስቲያን ካልሆነች በቀር እንዝርቷ ከእጇ አይለይም። እናትና አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱባት መዘዞ ከአንዲት የሩቅ ዘመድ ቤት አድጋ፣ ከዚያው ለወንድሜ ለታደሰ ተዳረች። ወንድም የላት፣ እህት የላት፣ ተጣላሁ ብላ የምትገባበት ደጅ የላት። ወገን የሌላት ሴት ብልጥ ካልሆነች አትኖርም። እኔም ብልጠቷን ነበር የምፈራው።

ታደሰ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከአዲስ አበባ ደሴ ሲመላለስ ደብረ ሲና ላይ ሻይ ቤት ካላት ሴት ጋር ለመደ፤ የለመደው ነገር ቤት ሆነ፤ ቤቱ ደግሞ ሚስት አደረጋት። ከአስካለ ጋር ሲፋቱ ልጃቸው የሺ ገና ግድግዳ ይዛ መራመድ የጀመረች ነበረች። ሽማግሌዎቹ ከእናቴ ግቢ፣ ከወይራው ሥር ተቀመጡ። የከብቱም የዕቃውም ነገር ያለ ብዙ ንግግር አለቀ። የልጅቷ ነገር ሲደርስ ታደሰ፣

«ልጄን እወስዳለሁ» አለ። «ደብረ ሲና ቤት አለኝ። ከፍ ስትል ደግሞ ሻይ ቤቱን ታግዛለች።»

ያኔ አስካለን አየኋት። እንዝርቷ ቆሟል። የደብረ ሲናን ሻይ ቤት ሁላችንም እናውቀዋለን። ሹፌርና ረዳት ሌት ተቀን የሚገባበት የሚወጣበት፣ ውሃ የምትቀዳ፣ ብርጭቆ የምታጥብ፣ የእንጀራ እናቷን ልጆች የምታዝል አንዲት ልጅ የሚጠብቅ ቤት ነው። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ አቶ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«ጡት የያዘች ልጅ ከእናቷ አትነጠልም» አሉ። «ጡት እስክትጥል ድረስ ከእናቷ ትቆይ። ከጣለች በኋላ አባቷ ይውሰድ።»

ሁሉም «ደግ ተባለ» አለ። አስካለ ተነሥታ የአቶ ደምሴን ጉልበት ሳመችና፣ በዚያች ዝቅ ባለች ድምጿ፣

«ጡት እስክትጥል ድረስ ነው ያሉት አባቴ?» አለች።

«አዎን።»

«ሌላ ቃል የለበትም?»

«ሌላ ምን ቃል ይኖርበታል?»

የኔ ጆሮ የቆመው ያን ጊዜ ነው። የሌላው ሰው ጆሮ ግን ለሽማግሌዎቹ ወደተዘጋጀው ድግስ ዞሮ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ዓመት ያልቆረጡት ቂል ሆነው አይደለም። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማን ይናገረዋል? ልጅ ሁለት ዓመት ይጠባል፤ ቢሞላቀቅ ሦስት። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ሌላ ይፀነሳል። የእርጉዝ ጡት ልጅ ይገድላል ስለሚባል፣ ሴት ማርገዟን ባወቀችበት ቀን የታቀፈችውን ታስጥላለች። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ዓመት ተመንፈቅ ሳይሞላው ነው ያስጣልኩት፤ ተከታዩ ስለመጣ። አስካለ ግን ባል የላት፣ እርግዝና የላት፤ ማን ያስጥላት?

የሺ ሁለት ዓመት አለፋት፤ ትጠባለች። ሦስት ሞላት፣ አምስት ሞላት፤ ትጠባለች። ታደሰ በሚያልፉ ሰዎች «ምነው፣ ልጄ ጡት አልጣለችም?» እያለ ይልካል። እኛም «ገና ናት» እንላለን።

እናቴን በላይነሽን አንኮበር ያውቃታል። እሷን የሚያታልል ነጋዴ ገና አልተወለደም። ጨው ስትገዛ ልሳ፣ ቅቤ ስትገዛ አቅልጣ ነው። ይህን ሁሉ ጥርጣሬ ከየት አመጣሽው ብትሉኝ ከጡቷ ጋር የጠባሁት ነው። አንድ ቀን ጠራችኝና በቅጠል የተጠቀለለ እሬት ሰጠችኝ።

«ይህን ለአስካለ ስጪ። አማትሽ ላኩልሽ በያት። ስትቀባ ሳታዪ እንዳትመጪ።»

ወሰድኩላት። አስካለ ተቀብላ፣ «እሜቴ አሰቡልኝ? እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ዓይኔ እያየ ቀባችው። የሺን ጠራቻት። ልጅቷ መጣች፤ አፏን አስገባች። ፊቷ ተጨማደደ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እሬት ቀብተን ያስጣልን ሴቶች ሁሉ እናውቃለን፤ ልጅ አንዴ ከቀመሰው ጮሆ ይሸሻል፣ ሁለተኛ አይመለስም። የሺ ግን ዋጠችው። ዋጠችውና ከእናቷ እቅፍ ውስጥ ሆና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ይህች ልጅ ተመክራለች አልኩ በሆዴ።

ለእናቴ ስነግራት፣ «ዋጠችው?» አለች።

«ዋጠችው።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለች።

የከተማው ሰውማ ምን ያላለው አለ? ጥርስ ካበቀለች በኋላ የጠባች ልጅ ትደነዝዛለች፣ ልቧ አይበራም ተባለ። ኋላ የሺ ትምህርት ቤት ገብታ አንደኛ ስትወጣ እነዚያው ሰዎች «ያው ጡቱ ነው» አሉ። ከእናቷ ጉያ የማትወጣ፣ ባል የማትወድ ሴት ትሆናለች ያለም አለ። የነፍስ አባታችንን ብንጠይቃቸው፣ ልጅቷ ሰባት ዓመት ሞልቷት መጾም እስክትጀምር ድረስ ነገሩ እንደማይመለከታቸው፣ ከዚያ ወዲያ ግን ወተት ወተት ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ እንዳትጠባ እንደሚከለክሏት ነገሩን። አስካለን ፊት ለፊት «አታፍሪም ወይ?» ያላት ሰው ካለ መልሷ አንድ ነበር። «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። ወተት ከእንባ ያንሳል?» ብላ እንዝርቷን ታሾራለች።

በእኛ አገር ጡት እንዲሁ የሕፃን ነገር ብቻ አይደለም። የኔው አባት ጢሙን አጎፍሮ፣ ማር የተቀባ አውራ ጣት ጠብቶ የአንድ ባላባት የጡት ልጅ ሆኗል። ያን ዕለት ምስክር ቆሟል፣ ሙክት ታርዷል። ከዚያ ወዲያ ባላባቱ አባቱ፣ የባላባቱ ልጆች ወንድሞቹ ሆኑ። የጡት ልጁን የከዳ ሰው የወለደውን እንደከዳ ነው የሚቆጠረው። እንግዲህ ትልቅ ሰው ሲጠባ አላየንም አይደለም። ግን አንድ ቀን ነው፤ በማር ነው፤ በምስክር ነው። እንደ አስካለ በየመንገዱ አይደለም።

በዚያ ሰሞን እናቴና እኔ አልዩ አምባ ገበያ ወረድን። እናቴ ጨውና ቅመም የምትገዛው ከአንዲት ደንበኛዋ ከወይዘሮ ዘሀራ ነበር። ጨውን እየላሰች የአስካለን ነገር አጫወተቻት። ዘሀራ ገረማትና፣

«እኛ ዘንድ እኮ ሁለት ዓመት ነው በላይነሽ» አለች። «አላህ ራሱ ልክ አበጅቶለታል። ምን ያጨቃጭቃል?»

እናቴ ከፊት እየመራች ያንን ሁሉ ዳገት ወጣን። አንኮበር አፋፉ ላይ ስንደርስ አረፍ አለችና፣ «እነ ዘሀራ ልክ አላቸው» አለች። «ደምሴ ነው ጉድ የሠራኝ።»

እሬቱ ካልሠራ ሌላ ነገር መፈለግ ነበረብኝ። የአስካለ ቤት ከእናቴ ግቢ ጎን ስለነበር መሰለል አላቃተኝም። ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ ገብስ የምለቅም መስዬ አያታለሁ። አስካለ ዓይን እፈራለሁ ትልና ነጠላዋን በልጅቷ ራስ ላይ ትጥለዋለች፤ እኔ ደግሞ የምትፈራው የቡዳን ዓይን ሳይሆን የኛን ዓይን ነው እላለሁ። አንድ ነገር ግን ነጠላ አይሸፍነውም። ልጅ ሲጠባ ጉሮሮው ይናገራል። እኔ አራት ያጠባሁ ሴት ነኝ፤ ያንን ድምፅ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። ከየሺ ጉሮሮ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ደግሞ ሌላም አየሁ። መንገዱ ላይ ሰው ከሌለ የሺ ደጅ ላይ ድንጋይ ትጫወታለች። ሰው ከታጠፊያው ብቅ ሲል ሮጣ እናቷ ጭን ላይ ትወጣለች። አላፊው ሲርቅ ትወርዳለች።

በሩጫ እናቴ ዘንድ ገባሁ። «ወተት የላትም! ደረቅ ነው!»

«አየሽ?»

«ሰማሁ። ማለቴ፣ የሚሰማ ነገር የለም።»

እናቴ ራሷን ወዘወዘች። «ለሽማግሌ ይህ አይበቃም» አለች። በዚያው ሳምንት ለታደሰ ሰው ተላከበት።

ታደሰ መጣ። ሽማግሌዎቹም ከዚያው ወይራ ሥር እንደገና ተቀመጡ። አቶ ደምሴ አርጅተዋል፤ ቃላቸው ግን አላረጀም። አስካለ እንዝርቷን እያሾረች መጥታ ከፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። የሺ ያን ጊዜ የፊት የወተት ጥርሷ ወልቆ አዲሱ እየወጣ ነበር። ሁሉም እያያት እናቷ ጭን ላይ ወጣችና ከነጠላው ሥር ገባች። እግሯ ረዝሞ መሬት ይነካል። አቶ ደምሴ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።

«ይህ ነውር ነው!» አለ ታደሰ። «ልጄን ለደብረ ሲና ሹፌር ሁሉ መሳለቂያ አደረገቻት። ዛሬ ይዣት ነው የምወርደው። መኪናዬ ቆማለች።»

«እኛ ያልነው ጡት እስክትጥል ነው» አሉ አቶ ደምሴ። «ይኸው አልጣለችም። ሽማግሌ ደግሞ የተፋውን አይልስም።»

እናቴ ተነሣች። ወገቧን ይዛ፣ ነገር ስትሠራ እንደምታደርገው ዝግ ብላ ጀመረች።

«አባቶቼ፣ ከአፋችሁ የወጣውን አክብሬ ነው። ግን ወተት የሌለው ጡት ጡት ነው እንዴ? ይህች ልጅ የያዘችው ቆዳ ከሆነ፣ ጡት ጥላለች ማለት አይደለም ወይ?»

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። እውነት ነው ተባለ። ወተት ካለ ልጅቷ ትቆይ፤ ከደረቀ ግን አባቷ አሁኑኑ ይውሰድ። ታዲያ ማን ይይ? አዋላጇ ትጠራ አሉ። እናቴ፣

«እሷን ያታልሏታል» አለች። «ሌላ ሰው አላምንም። እኔው አያለሁ።»

አቶ ደምሴ ወደ አስካለ ዞሩ። «አንቺስ? የታደሰ እናት ባላጋራሽ ናት። እሷ ትየኝ ትያለሽ?»

አስካለ፣ «ከእሜቴ የበለጠ ዳኛ ከየት አመጣለሁ?» አለች።

ይህች መልስ ጨርሶ አላማረችኝም። «እኔም ልግባ» ብዬ ተነሣሁ። እናቴ «አንቺ እዚያው!» አለችኝ። ሁለቱ ወደ እናቴ ጓዳ ገቡ፤ የሺም የእናቷን ቀሚስ ይዛ ተከተለች። በሩ ተዘጋ።

ጡት ጨምቆ ለማየት ብዙ ጊዜ አይፈጅም። እነሱ ግን ቆዩ። ታደሰ ሰዓቱን አየ፤ ሽማግሌዎቹ የእርሻ ወሬ ጀመሩ። እኔ ቀስ ብዬ ወደ በሩ ተጠጋሁ። መጀመሪያ የእናቴን የቁጣ ድምፅ ሰማሁ፤ ምን እንዳለች አልለየሁትም። ከዚያ ጸጥ አለ። ቆየት ብሎ በሩ ተከፈተና እናቴ ወጣች። የቀሚሷ አንገት ተዛንፎ ነበር። ተናንቀዋል እንዴ አልኩ። ዓይኗን ፈለግኩት፤ አልሰጠችኝም።

«ወተት አለ» አለች።

«እማዬ!» አለ ታደሰ።

«አለ አልኩህ እኮ!» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «ደግሞ አንድ ቃል ይጨመርልኝ። ከእንግዲህ ይህች ልጅ ጡት ጣለች የምለው እኔ ነኝ። እኔ ጣለች እስክል ድረስ ማንም እንዳይነካት።»

ማላ አይደለም፤ ማይ ያላትም የለም። እሷ ለአስካለ ብላ ትዋሻለች ብሎ ማን ይጠርጥራት? እኔ ልጇ እንኳ ያን ጊዜ የጠረጠርኩት እሷን ሳይሆን አስካለን ነው። «ተፈጽሟል» አሉ አቶ ደምሴ። ታደሰ እህል ሳይቀምስ ሄደ።

እናቴ እስክትሞት ድረስ ያቺን ቃል አልተናገረችም። የሺ ትምህርት ቤት ገባች። ያን የወይራውን ሥር ትርኢት ያየ ሰው ከዚያ ወዲህ እናቷ ጭን ላይ ስትወጣ አላያትም፤ ግን ታደሰ «ልጄስ?» ብሎ በላከ ቁጥር እናቴ «ገና ናት» ትላለች። የሺ ስድስተኛ ክፍል ደርሳ፣ ደረቷ ራሱ ማጎጥጎጥ ጀምሮ፣ «ገና ናት»። ደብረ ብርሃን ለትምህርት ሄዳ፣ ኋላ ራሷ አስተማሪ ሆና ስትመጣ፣ አቶ ደምሴ በሳቅ እየተንፈቀፈቁ «በላይነሽ፣ ልጅቷ አልጣለችም?» ሲሏት «ምን አስቸኮለዎት?» አለቻቸው። በሽማግሌ ሕግ ከሄድን የሺ ዛሬም ጡት አልጣለችም።

ይህስ ያስቃል። እኔን ያላሳቀኝ ሌላው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ አስካለን «ልጄ» ማለት ጀመረች። ትናንት እሬት የላከችላት ሴት! ቅቤ ሲነጠር ለአስካለ፣ እሸት ሲደርስ ለአስካለ። እኔ የወለደችኝ ቁጭ ብዬ! መድኃኒት አስነክታታለች አልኩ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መኝታዋን ገለበጥኩ፤ በጨርቅ የተቋጠረ ሥር፣ አንድ ነገር ፈለግኩ። ምንም አላገኘሁም። አለማግኘቴ ጥርጣሬዬን አባሰው እንጂ አላበረደልኝም፤ ጎበዝ መድኃኒተኛ ዱካ አይተውምና። እናቴን «በዚያ ጓዳ ውስጥ ምን አደረገችሽ?» ብዬ ስንቴ ጠየቅኳት። «አንቺ ላይ ምሥጢር አያድርም» ትለኛለች።

እናቴ ታማ ስትተኛ ያስታመመቻት አስካለ ናት። በሞተች ዕለት አስካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ወገቧን በመቀነት አሥራ፣ ከእኔና ከእህቶቼ መሐል ገብታ ደረቷን መታች። ሰው ሁሉ አየ። ቀብሩ ካለቀ በኋላ ጎትቻት፣ «ምን ለመሆን ነው ይህ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ አብጦ ነበር። «ምን መሆን ነበረብኝ ብርቄ?» አለችኝ።

በመጨረሻም ከየሺ ጋር ልትኖር ደብረ ብርሃን ገባች። አልፎ አልፎ ተገናኝተናል፤ ሰላምታ ተለዋውጠናል። እኔ ስጠይቅ እሷ ስትጠይቅ ዘመናችን አለቀ።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። ንፍሮውን ጨርሼ የመመለሻ መኪናዬን ሰዓት እያሰብኩ ሳለ የሺ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዛሬ ልጅ አይደለችም፤ ጠጉሯ ሸብቷል። እጄን ይዛ ሳመችኝ።

«እትዬ ብርቄ፣ መጡልኝ?»

«መጣሁ። እግዜር ያጥናሽ።» ከዚያ መታገሥ አቃተኝ። ለቅሶ ቤት መሆኑንም ረሳሁት። «የሺ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። እናትሽ ያን ጊዜ ወተት ነበራት?»

«የቱን ጊዜ?»

«በጥያቄ አትመልሺልኝ! እናትሽን አትሁኚብኝ።»

ልትስቅ ፈለገች፤ አፏን በመዳፏ ሸፈነች። ከዚያ ዙሪያዋን አየት አደረገችና፣

«ጠብታ አልነበራትም እትዬ» አለች። «የእሬቱ ጊዜ ራሱ ደርቆ ነበር።»

«አላልኩም!»

ድምፄ ድንኳኑን ሞላው። ሰዉ ዞሮ አየኝ። እድሜ ልኬን ልክ ነበርኩ! ያ ሁሉ ሰው እየሳቀብኝ፣ እናቴ እየካደችኝ፣ እኔ ነበርኩ ልክ። ግን ደስታው እንደጠበቅኩት አልሆነልኝም። የሺ እጄን አልለቀቀችም።

«ታዲያ እናቴ ለምን ዋሸች?» አልኳት ዝቅ ብዬ። «ምን አድርጋባት ነው?»

«እናቴ በሕይወት እያለች እንዳልናገር አስምላኝ ነበር። ‹ያያትሽ ቃል ይዋረዳል› ትለኝ ነበር። አሁን እሷም የለችም።» ነጠላዋን አስተካከለች። «አያቴ ጡቷን ጨመቁት። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። እናቴን አሳመሟት ብዬ ላለቅስ ደርሼ ነበር። ‹ደረቅ ነው› አሉና ወደ በሩ ዞሩ። እናቴ አላለቀሰችም። ሄዳ በሩን ከለለች፤ ተንበረከከችና የቀሚሳቸውን አንገት ያዘች። ‹እሜቴ፣ እኔ እናት የለኝም› አለች። ‹የጡት ልጅዎ ያድርጉኝ።›»

«እናቴ ምን አለች?»

«ጮኹባት። ‹ልቀቂኝ፣ ያበድሽ! ማር የት አለ? ምስክር የት አለ?› አሉ። እናቴ ወደ እኔ እያየች፣ ‹ምስክር ይኸው› አለች። ከዚያ የቀሚሳቸውን አንገት ዝቅ አደረገችና ጡታቸውን ጎረሰች። አያቴ ሊመቷት እጃቸውን አነሡ። እጃቸው ወረደና ራሷ ላይ ቀረ። እንዲያው ራሷ ላይ ቀረ እትዬ። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ አያቴ፣ ‹ከዚህ አሮጌ ጡት ምን አገኘሽ?› አሏት።»

የሺ እንባዋ ወረደ።

«እናቴ ቀና ብላ፣ ‹ጠገብኩ› አለች።»

አስካለ ጥያቄን ያለ ጥያቄ የመለሰችበት ጊዜ አላውቅም ነበር፤ ለካ አንዴ መልሳለች። ያ የተዛነፈ የቀሚስ አንገት ታየኝ። ስንት ዘመን ሙሉ ዓይኔ ላይ ኖሮ ምን እንደሆነ ሳላውቀው። እኔ የእናቴን መኝታ ገልብጬ ሥርና ቅጠል ስፈልግ፣ እሷ አስካለን «ልጄ» ትላት የነበረው ልጇ ስለሆነች ነው። በቀብር ከመሐላችን ገብታ ደረቷን ስትመታ ለእናቷ ነው ያለቀሰችው። እኔን «ምን መሆን ነበረብኝ?» ስትለኝም እውነቷን ትጠይቀኝ ነበር።

አለቀስኩ። መርዶ ከሰማሁ ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነው። ከአግዳሚው ተነሣሁና ነጠላዬን አውርጄ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቀዘቅኩት፤ መቀነቴንም ፈትቼ ወገቤን አሠርኩ። የሺ ምን እንደማደርግ ገብቷት ክንዴን ደገፈችኝ። ወደ ውስጥ ገባን፤ የቅርብ ዘመድ የሚቀመጥበት ፍራሽ ላይ አስቀመጠችኝ።

ያቺ ንፍሮ ያቀበለችኝ ሴት ቆይታ መጣችና ከፊት ለፊቴ ቆመች። መግቢያው አጠገብ ትታኝ ፍራሹ ላይ ማግኘቷ ግራ አጋብቷታል።

«ይቅርታ እማማ፣ ቅድም የሟች ምን ነኝ ነበር ያሉኝ?»

«እህቷ ነኝ» አልኳት። «የጡት እህቷ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። አላመነችኝም። እኔም ብሆን አላምንም ነበር።